ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ችያለሁ፣ ደብዳቤ ግን አቃተኝ፦ ለሂሳብ ሥራ የምር የሚያስፈልገው ምንድን ነው?

ጦሳ ስር | ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ደሴ ነኝ። አካውንቲንግና ፋይናንስ፣ አራተኛ ዓመት። መውጫ ፈተና ደርሶብን እንቅልፍ ካየን ቆየን። የምጠይቃችሁ ግን ስለ ፈተናው አይደለም።

በቅርቡ ለተግባር ልምምድ አንድ ድርጅት ተመድቤ ነበር። ስሙ ይቅር። በመጀመሪያው ሳምንት ሂሳብ ሹሙ ጠሩኝና «ለዚህ አቅራቢ ደብዳቤ ጻፊለት። ደረሰኙ ላይ ያለው ቲን ቁጥር ልክ አይደለም፣ አስተካክሎ ይላክ» አሉኝ። ቀላል ነው አይደል? አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። «ጉዳዩ፦» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ ቃል ጠፋ። የተማርኩት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ አፌን የፈታሁበት ስለሆነ የሚጠና ነገር አይመስለኝም ነበር።

በማግስቱ ባሰ። «የእርጅና ተቀናሹን ሠርተሽ አምጪ» ሲሉኝ የሠራተኛውን የጡረታ መዋጮ አስልቼ ወሰድኩላቸው። 7 ፐርሰንት ከሠራተኛው፣ 11 ከድርጅቱ፣ በሰንጠረዥ፣ ቁልጭ አድርጌ። ወረቀቱን አዩት። እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ ያረጀው መኪናው ነው፤ እኛማ ገና ነን» አሉ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ለካ ዲፕሪሲዬሽን፣ ንብረት ሲያገለግል ዋጋው የሚቀንሰውን፣ ማለታቸው ነው! ዲፕሪሲዬሽን ቢሉኝ እኮ በሦስት ዓይነት መንገድ ሠርቼ አቀርብላቸው ነበር።

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ሻይ ቤት ስድስት ሆነን ተቀምጠን «ለሥራችን የሚያስፈልጉ ሦስት ችሎታዎች በየወረቀታችሁ ጻፉ፣ አትተያዩ» አልኳቸው። እኔም ጻፍኩ። ስድስታችንም ፒችትሪ ብለናል። አምስታችን አይኤፍአርኤስ፣ ዓለም አቀፉን የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ። አራታችን እንግሊዝኛ። ሁለቱ «ዘመድ» ብለው ጻፉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ የምራቸውን ነው። አንዷ ብቻ «ሰው ማናገር» አለች። «ሰው ማናገር ካማረሽ ማርኬቲንግ አትገቢም ነበር?» አላት አንዱ። ሁላችንም ሳቅንባት። እኔም ስስቅ ያቺ ደብዳቤ ትዝ አለችኝ።

ሥራ ላይ ያላችሁ እስቲ ንገሩን። እኛ የምናስበውና እናንተ ስትሠሩ የምትውሉት ይገናኛል?

ቁርቁር | ሰኞ፣ ማታ 2፡52

6 ሲደመር 5፣ ሲደመር 4፣ ሲደመር 2፣ ሲደመር 1፣ 18። ስድስት ሰው በሦስት፣ 18። ሚዛኑ ገጥሟል፣ ኦዲተር አያስፈልግም። የመኪናው ጡረታ ግን ይከበርለት። ደክሟል።

የቧንቧ ውሃ ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 3፡15

እህቴ፣ በቅንነት እንደጻፍሽው ገብቶኛል። ግን «ዘመድ» ያሉት ሁለቱ ናቸው ልክ።

የ2015 ምሩቅ ነኝ። መውጫ ፈተና ለሁሉም ትምህርት ክፍል ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች እኛ ነን። ማለፊያው 50 ነው። እኔ በደንብ አልፌ ነበር። ከዚያስ? ማስታወቂያው ሁሉ «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ»። ልምድ ሰኞ ገበያ ይሸጣል እንዴ? 0 ዓመት የሚል ሲገኝ ደግሞ ሰልፉ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ተነሥቶ ሆጤ ይደርሳል። ከቤት ብር ለምኜ የፒችትሪ ኮርስ ወሰድኩ። ሰርተፍኬቱን ላሚኔት አስደረግኩት። እስካሁን ገልጦ ያየው ሰው የለም።

«ሰው ማናገር» ምናምን የሚባለው ከገቡ በኋላ ነው። መጀመሪያ በሩን ክፈቱልን።

ሂሳብ ሹሟ | ሰኞ፣ ማታ 4፡05

ከኮምቦልቻ ነኝ። ፋብሪካ ውስጥ ዘጠነኛ ዓመቴ። ወንድሜ የቧንቧ ውሃ፣ ስለ በሩ ያልከው እውነት ነው፣ አልከራከርህም። እኔ የማየው ግን በሩ ተከፍቶላቸው ገብተው በሦስተኛው ቀን ግራ የሚገባቸውን ነው። ስለ እነሱ ልንገራችሁ።

ፈጣን ናችሁ። ኪቦርድ ላይ አልደርስባችሁም። አዲስ ሰው ስቀበል ግን አንዲት ጥያቄ አለችኝ። «ጳጉሜን የት ታደርጋታለህ?» ዓይኑ ይፈጣል።

የተማራችሁበት መጽሐፍ የአሜሪካ ነው። ዓመቱ ዲሴምበር 31 ይዘጋል። የእኛ ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሶፍትዌሩ ደግሞ ሐምሌን አያውቃትም። ጁላይ 8 ብለህ ትከፍታለህ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጁላይ 7 ትዘጋለህ። ሐምሌ ኦገስት 6 ላይ ታልቃለች። ነሐሴ ከኦገስት 7 እስከ ሴፕቴምበር 5። ከዚያ አምስት ቀን ተንጠልጥላ ትቀራለች። ደሞዝ አይከፈልባትም። መብራቱ ግን ይቆጥራል፣ ጥበቃው ያድራል፣ መኪናውም ጭኖ ይወጣል። እኛ ከነሐሴ ጋር አጣምረን ነው የምንዘጋት። አንድ ልጅ ነሐሴን በ30 ዘጋ፣ መስከረምን በ1 ከፈተ፣ የአምስት ቀን ሽያጭ ከመሃል ዋጠ። ሦስት ቀን ፈለግናት።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። ያስተማረው የለም። ግን እኮ አጠገቤ ነው የተቀመጠው! ዞር ብሎ «እትዬ፣ ጳጉሜን ምን ላድርጋት?» ቢል ያልቅ ነበር። ያልጠየቀኝ ለምን እንደሆነ በኋላ ነገረኝ። «አያውቅም እንዳልባል» አለ።

ሞዴል 19 | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ወረዳ ፋይናንስ ነኝ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ከሐይቅ አይርቅም።

አይኤፍአርኤስ ብላችሁ ትመጣላችሁ፣ እኛ ጋ የለም። መንግሥት የሚሠራው በተሻሻለው የጥሬ ገንዘብ ሂሳብ ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 የሚባል ቅጽ፣ ሲወጣ ሞዴል 22። አበል በበጀት ኮድ 6231። ይኼ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። የማይለመደው ሰው ነው።

የግብርና ባለሙያው ከመስክ ተመልሶ አበሉን ሊያወራርድ ይመጣል። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። የተሳፈረበትን ትኬት ዝናብ በልቶታል። ሕጉን አውቆ «አይሆንም» ማለት ማንም ይችላል። «ይኼ አይሆንም፣ እንዲህ አድርገህ ብታመጣው ግን ይሆናል» የሚለው ነው የጠፋው። ባለፈው ዓመት አንዱ አዲስ ገቢ በቀይ እስክሪብቶ «ሪጄክትድ» ብሎ ጻፈበት። ሰውዬው ስድስት ልጅ ያሳደገ፣ ጸጉሩ የሸበተ ነው። እስከ ዛሬ ሰላም አይለውም።

ስለ ደብዳቤሽ ደግሞ እህቴ፣ አታካብጂው። እንዲህ ነው፦

«ጉዳዩ፦ ደረሰኝ ተስተካክሎ እንዲላክልን ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ በደረሰኝ ቁጥር ይህን ያህል የተላከልን የሽያጭ ደረሰኝ ላይ የተጻፈው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በውላችን ላይ ካለው ጋር ስለማይመሳሰል፣ ተስተካክሎ እንዲላክልን እንጠይቃለን። ከሰላምታ ጋር።»

አለቀ። ዋናውን ለአቅራቢው፣ ቅጂውን ለፋይል። ቅጂውን አትርሺ።

ጦሳ ስር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡10

ይቺን አራት መስመር ነው አንድ ሰዓት የተቀመጥኩባት? ኧረ ወላሂ ሊያስለቅሰኝ ነው። ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ። ኮፒ አድርጌ አስቀመጥኳት።

እትዬ ሂሳብ ሹሟ፣ «አያውቅም እንዳልባል» የሚለው እኔ ነኝ። ስሜን ብቻ ነው ያልጠሩት።

የመርሳ ልጅ | ማክሰኞ፣ ቀን 6፡20

እኔ አልስማማም። ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ ወልድያ።

እውነቱን ልናገር? አካውንቲንግ የመረጥኩት ከሰው ለመሸሽ ነው። ከቁጥር ጋር ቁጭ ብዬ እውላለሁ ብዬ። ክፍላችን ውስጥ እንደኔ ያለ ብዙ ነው። ፕሬዘንቴሽን ሲባል ሆዱን የሚቆርጠው። እናንተ ሁላችሁም ተነሥታችሁ «ማውራት፣ ማውራት» ካላችሁ እኛ የት እንግባ?

ደግሞ የሚያወራማ ሞልቷል። ትሪያል ባላንስ፣ የሂሳብ ሚዛኑ፣ እምቢ ሲል በወሬ አይገጥምም። እኔ ኤሲሲኤ፣ ዓለም አቀፉን የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ፣ ልጀምር እያሰብኩ ነው። 13 ፈተና ነው። የሚፈትኑህ ችሎታህን እንጂ ጨዋታ ማወቅህን አይደለም። መጀመሪያ ሥራውን እንቻል።

ቁርቁር | ማክሰኞ፣ ቀን 6፡31

ከሰው ሊሸሽ መጥቶ ገንዘብ ላይ ወደቀ። ወንድሜ፣ የሰው ልጅ የሚጮኸው የት ሆነና?

ሂሳብ ሹሟ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡45

የመርሳ ልጅ፣ አብሽር። የምፈልገው እንደ አንተ ያለውን ነው። እኔ ራሴ ስልክ ሲጠራ መጸዳጃ ቤት እገባ ነበር። ማናገር ማለት መለፍለፍ አይደለም።

አንድ ነገር ላሳይህ። ሰኔ መዝጊያ ላይ ነን፣ 180 ብር አልገጥም አለ። ሁሉም ደረሰኝ ይቆጥራል። እንደ አንተ ዝምተኛ የሆነ አንድ ልጅ አለን። 180ን ለ9 አካፈለው፣ 20 መጣ፣ ቀሪ የለም። «ቁጥር ተገላብጧል» አለ። ልዩነቱ ለ9 ያለቀሪ ሲካፈል ብዙ ጊዜ ሁለት አሃዝ ቦታ ተቀያይሯል ማለት ነው። ይኼ እንግዲህ ያንተ ዓይነት ችሎታ ነው፣ ባርኔጣ ያስወልቃል።

ግን የተገላበጠው የቱ ወረቀት ላይ ነው? እሱን የሚያውቁት ንብረት ክፍል ያሉት እናት ናቸው። እሳቸው ደግሞ ለሁሉ ሰው መዝገብ አይከፍቱም። «ነገ ና» ይላሉ፣ ነገም «ነገ ና» ነው። ይኼ ልጅ ግን ጠዋት ጠዋት ሲገባ «እንዴት አደሩ፣ ጉልበትዎ ተሻለዎት?» ይላቸዋል። ሌላ ወሬ የለውም። ያን ቀን ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። 4,860 ብር የነበረው 4,680 ተብሎ ገብቷል። ይኸው ነው የምልህ ማናገር።

ስለ ኤሲሲኤ፣ በርታ። ግን 13ቱን ብታልፍም አባል አትሆንም። የሦስት ዓመት ሥራ ይጠይቁሃል፣ የሥነ ምግባር ኮርስም አለ። ለምን ይመስልሃል?

በረካ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00

ባንክ ነኝ፣ ከወለድ ነፃው መስኮት ላይ። የተማሪው ሁሉ ምኞት ባንክ አይደል? ደረት አስነፍቶ የሚያስገባው ሱፍ ነው እንጂ ሥራው ሌላ ነው።

ክፍል ውስጥ ወለድ ማስላት አጥንቼ መጣሁ፣ ወለድ የሌለበት ቦታ ተመደብኩ። አንድ ቀን አንድ ሀጂ መጡ። ለሱቃቸው ዕቃ ሊገዙ ፈልገው ነው። «ልጄ፣ ወለድ ያላችሁትን ትርፍ ካላችሁት ስሙን ነው የቀየራችሁት?» አሉኝ። ከኋላቸው ስምንት ሰው ተሰልፏል። «ሙራባሃ ማለት…» ብዬ ከማኑዋሉ ማንበብ ጀመርኩ። እጃቸውን አነሡ። «ማንበብ እኔም እችላለሁ። አንተ ንገረኝ።»

ወረቀቱን ገለበጥኩት። «ሀጂ፣ ባንኩ መጀመሪያ ዕቃውን ራሱ ይገዛል። የባንኩ ይሆናል። ከዚያ ‹በዚህ ገዛሁት፣ ይኼን አተርፋለሁ› ብሎ በግልጽ ነግሮ ይሸጥልዎታል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ አይጨምርም» አልኳቸው። አሰቡ። «ዕቃው በባንኩ እጅ እያለ ቢቃጠልስ?» አሉ። «ባንኩ ይከስራል።» ሳቁ። «እንዲህ በለኛ! ነጋዴ ናችኋ!»

የእሳቸው ጥያቄ ከሁሉም ፈተናዬ ይበልጥ ነበር። አደጋውን የተሸከመው ማን እንደሆነ ነው የጠየቁኝ። እኔ አራት ዓመት ስለ ሪስክ ተምሬያለሁ፤ እንደዚያ ጠይቆኝ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ጠመኔ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡10

አስተምራለሁ። የት እንደሆነ ይቆየን። ዝም ልል ነበር፣ ግን ድንጋዩ ሁሉ ወደ ተማሪው ሲወረወር አላስችል አለኝ።

ተማሪ ችሎታ የሚለው የሚፈተንበትን ነው። ምን ያድርግ? መውጫ ፈተናው ምርጫ ነው። የእኛም ፈተና ብዙው ምርጫ ነው። ክፍል ሙሉ ተማሪ ይዤ የእያንዳንዱን ደብዳቤና ሪፖርት አርሜ ልመልስ ብል ሌላ ሥራ አልሠራም። እውነት ነው፣ ሰበብም ነው። ማስታወቂያውም ፒችትሪ ይላል እንጂ «አቅራቢ የሚያናግር» አይልም። ስለዚህ ስድስቱም ፒችትሪ ብለው መጻፋቸው ሞኝነት አይደለም። በር ላይ ያለውን ዘበኛ ነው ያዩት።

የሙያው ዓለም ግን ይኼን ካወቀ ቆይቷል። አይፋክ፣ ማለትም የዓለም አቀፉ የሂሳብ ባለሙያዎች ፌዴሬሽን፣ የትምህርት ደረጃዎች አሉት። ሁለተኛው ስለ ቴክኒክ ብቃት ነው። ሦስተኛው ስለ ሙያ ክህሎት፦ ማሰብ፣ ከሰው ጋር መሥራት፣ ሐሳብን መግለጽ፣ ራስን መምራት። አራተኛው ሥነ ምግባር። ሦስቱም እኩል ተቀምጠዋል። የእኛ ክፍል ውስጥ ሲደርሱ ሁለተኛው ብቻውን ይገባል።

ደግሞ ቴክኒክ የምትሉት ራሱ ሰው ይፈልጋል። በአዋጅ 847/2006 አይኤፍአርኤስ ከመጣ ወዲህ ዋናው ነገር ፍርድ መስጠት ሆኗል። ይኼ ተሰብሳቢ ሂሳብ ይመጣል ወይስ አይመጣም? ስንቱን ቀንሰን እናሳይ? ቀመር አለ። ቀመሩ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ግን ተበዳሪውን ከሚያውቅ ሰው ነው የሚመጣው። ሽያጭ ክፍል ሄዶ መጠየቅ ያፈረ ልጅ አይኤፍአርኤስን አልቻለም፣ ሸምድዶታል እንጂ።

ጦሳ ስር | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡40

መምህር፣ ስላመኑ እናመሰግናለን። አንድ ልጨምር? የቡድን ሥራ ስትሰጡን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አንዷ ትሠራለች፣ ሰባቱ ስም ያጽፋሉ። ስቴፕለር የያዘው ሰው ራሱ እንደሠራ ይቆጠራል። በሲቪያችን ላይ ግን ሁላችንም «በቡድን መሥራት እችላለሁ» ብለናል። እኔ ሠሪዋ ነበርኩ። አሁን ሳስበው እኔም ቡድን መሥራት አልተማርኩም። ሰባት ሰው «ኑ፣ ሥሩ» ማለት አፍሬ ብቻዬን ስሠራ አደርኩ።

ጠመኔ | ረቡዕ፣ ቀን 5፡00

አውቃለሁ። ስቴፕለሩንም አውቀዋለሁ።

ሰኞ ገበያ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

ልጆች፣ ይኼን የምታወሩትን ልጄ በስልኩ አሳየኝ። የሚጽፍልኝም እሱ ነው፣ እኔ እናገራለሁ።

የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነኝ። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም። ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ነኝ፣ መዝገብ ግድ ነው። ሦስት ሂሳብ ሠራተኛ ቀይሬያለሁ። ሁሉም ዲግሪ አላቸው። ሁሉም ሰው አክባሪ ናቸው። ጥፋታቸው አንድ ነው። «አብሽሩ» ይሉኛል።

እኛ ወሎዬዎች አብሽርን እንወዳታለን። የታመመ አብሽር ይባላል፣ ያዘነ አብሽር ይባላል። ሂሳብ ላይ ግን አብሽር መርዝ ነው። «ቫቱ ተከፈለ?» «አብሽሩ ጋሼ።» «ዜድ ሪፖርቱ፣ የሽያጭ ማሽኑ የቀን ድምር፣ ከመዝገቡ ጋር ታየ?» «አብሽሩ።» ከዚያ አንድ ቀን የቅጣት ወረቀት ይመጣል። ልጁን ስጠይቀው «እንዳያዝኑብኝ ብዬ ነው» አለኝ። አሁንስ አላዘንኩም? ቢነግረኝ በዚያው ወር አስተካክለው ነበር። መጥፎ ወሬ ሲዘገይ ወለድ ይወልዳል፣ በረካ ይፍረደኝ።

ሌላም ልንገራችሁ። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ስንወጣ እኔ ቴሌቪዥኑን ልይዝ ስታገል ባለቤቴ የዱቤ ደብተሯን ይዛ ወጣች። ስቄባታለሁ። ስንመለስ ሱቁ ባዶ ነው። ኮምፒውተሩ የለም፣ ፋይሉ የለም። ያ ደብተር ግን ነበረ። ማን ስንት እንደወሰደ፣ በማን ፊት፣ በየትኛው ቀን። አንድ ሺህ ያለበትም፣ ሃያ ሺህ ያለበትም ደብተሩን ሲያይ ከፈለ። ሁሉም ባይሆን ብዙው። እሷ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈችም። ዕቁብም ትሰበስባለች፣ አንድ ሳንቲም ጎድሎባት አያውቅም። ስለዚህ ፒችትሪ የምትሉትን አልንቅም፣ ይኑር። ግን ቅጂው የት ነው ያለው? ቤት እንኳ ወስዶ የሚያስቀምጥ አልነበረም።

ሂሳብ ሹሟ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡10

ጋሼ፣ ያቺ እናት እኛ ፋብሪካ ቢመጡ ወንበሬን እለቅላቸዋለሁ።

የመጥፎ ወሬውን ነገር ልክ ብለዋል። ግን ከእኛም በኩል ሆነው ይዩት። ነጋዴውም አንዳንዴ አብሽር እንዲባል ይፈልጋል። በመጀመሪያ ሥራዬ፣ ሌላ ከተማ ነው፣ ባለቤቱ ሁለት መዝገብ ሥሪ አለኝ። አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለገቢዎች። «ፊርማዬ አንድ ነው» አልኩ። በወሩ ወጣሁ። አራት ወር ያለ ደሞዝ ተቀመጥኩ። ጀግና ነበርኩ አልልም፣ ማታ ማታ አለቅስ ነበር። ይኼኛውን ችሎታ የቱ ኮርስ ላይ ትጽፉታላችሁ?

የመርሳ ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡25

እሺ። የኤሲሲኤው የሥነ ምግባር ነገር ለምን እንዳለ ገባኝ። ሌላው ላይ ገና አልተሸነፍኩም። የ9ኙን ዘዴ ግን ጻፍኳት።

የቧንቧ ውሃ ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 5፡50

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔም አንድ ነገር ልናዘዝ።

አንዴ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ነበር። ሦስት ሰው ተቀምጧል። ሰርተፍኬቴን ላወጣ ስል አንዲት ሴትዮ «ቆየው» አለችኝ። «ዕቃው ቫትን ጨምሮ 11,500 ብር ተሸጠ። ቫቱ ስንት ነው?» ወዲያው በ15 ፐርሰንት አባዛሁት። «1,725» አልኩ፣ ኮራ ብዬ። ጻፈች። አመሰገነችኝ። ደረጃ ስወርድ ነው የገባኝ። 11,500 ለ1.15 ሲካፈል 10,000። ቫቱ 1,500 ነው። 225 ብር ስቻለሁ።

መመለስ እችል ነበር። ሁለት ፎቅ ነው። «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ፣ መልሱ ይኼ ነው» ብዬ። ደረጃው ላይ ቆሜ አሰብኩበት። አፈርኩ፣ ወጣሁ። ለሰው ሁሉ «በዘመድ ወሰዱት» ነው ያልኩት። ምናልባት የእውነትም በዘመድ ይሆናል የወሰዱት። ግን ያን ቀን ዘመድ ያለው ልጅ ራሱ 1,500 ቢል ይበልጠኝ ነበር።

ሰኞ ገበያ | ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡15

የቧንቧ ውሃ ልጅ፣ ይኼን ትናንት ማታ ልጄ አነበበልኝ። አራተኛ ሂሳብ ሠራተኛ አልቀጠርኩም ገና። ደሞዜ ትንሽ ነው፣ አልዋሽህም። ልምድ አልጠይቅህም። ልጄ የውስጥ መልእክት ይልክልሃል።

አንቺም የጦሳዋ፣ ፈተናሽን ስትጨርሺ ለልምምድ ከፈለግሽ ነይ። የዓመቱ ደረሰኝ ሁለት ካርቶን ሙሉ ተቀምጧል። ሰኔ 30 እየመጣ ነው። ቅዳሜ ከዙሁር በኋላ ሱቅ አለሁ። ከመምጣትሽ በፊት ልጁ አውጥቶ በየዓይነቱ ይለይልሻል።

ቁርቁር | ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡22

መድረኩ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ሆነ። ሞዴል 19፣ ለሁለቱ ልጆች ገቢ ቁረጥላቸው።

ሞዴል 19 | ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡40

ሰው በሞዴል 19 አይገባም። ካርቶኖቹን ግን እመዘግባለሁ።

ጦሳ ስር | ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡05

ጋሼ፣ እመጣለሁ ኢንሻአላህ። የቧንቧ ውሃ ወንድሜም ከመጣ አብረን እናየዋለን።

አንድ ነገር ግን ላስቸግርዎት። ልጁ ካርቶኖቹን እንዳይነካቸው። ደረሰኞቹ በገቡበት ተራ ይቆዩ፣ ከተደባለቁ የቱ የየትኛው ቀን እንደሆነ ይጠፋብናል። ሁለት ጥያቄ ደግሞ አለኝ፣ እንዳይቆጡኝ። የጳጉሜው ሽያጭ የት ነው የተጻፈው? የእሜቴንስ የዱቤ ደብተር ማየት ይቻላል?